ከፍል ውሃ እስከ ሒልተን ገንዳ፦ የመሀል አዲስ አበባ የውሃ መዝናኛ የጉዳይ ጥናት

የመሀል አዲስ አበባ ታሪካዊ መታጠቢያዎችና ታዋቂ መዋኛ ገንዳዎች በካርታ ላይ ሲታዩ አብዛኞቹ አንድ ሠፈር ላይ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ከታላቁ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ሥር ፍል ውሃ አለ፤ በዙሪያው ሸራተን፣ ሒልተንና ግዮን ሆቴሎች ከነገንዳቸው ተሰልፈዋል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከመሬቱ ሥር ሙቅ ውሃ አለ፤ ከመሬቱ በላይ ደግሞ የቤተ መንግሥት ይዞታ የነበረ ሰፊ ግቢ አለ። በዚህ ከተማ ለውሃ መዝናኛ የሚያስፈልጉት ሁለቱ ውድ ነገሮች እነዚሁ ናቸው፤ ከሁለቱም ይበልጥ የሚያንሰው ሙቀቱ ነው።

የዚህ ጥናት መከራከሪያ አጭር ነው። በአዲስ አበባ የውሃ መዝናኛ ሲታቀድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ውሃው ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ነው። መቅደም የነበረበት «ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ማታ ማታስ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ነበር። የፍል ውሃ አካባቢ ታሪክም፣ በመሀል ከተማው ውስጥ ትልቅ የውሃ ሸርተቴ ያለው ፓርክ ሥር ያልሰደደበት ምክንያትም የሚገለጠው በዚህ ጥያቄ ነው።

ሠፈሩ እንዴት ሠፈር ሆነ

ፍንፍኔ ከአዲስ አበባ በፊት ሆራ፣ ማለትም ማዕድን ያለው ውሃ የሚፈልቅባት ቦታ፣ ነበረች። ማዕድን ያለውን ውሃ ከብት ይጠጣው ነበር፤ ሰውም ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም ይታጠብበት ነበር። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ በነበረበት ጊዜ መኳንንቱ ከብርዱ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ጀመር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከምንጩ አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። የከተማዋ መነሻ በግልጽ ቋንቋ ሲነገር መታጠቢያ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፍል ውሃ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ያ የከፍታ ልዩነት በብርድ ለሚሰቃይ ቤተ መንግሥት ብዙ ትርጉም ነበረው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቀዝቃዛ ውሃ ከእንጦጦ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወረደ። ሥራውን የመራው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ስለዚህ ሙቁ ከታች፣ ቀዝቃዛው ከላይ መጥተው አንድ ኮረብታ ላይ ተገናኙ። ይህ ጥምረት ኋላ በስሌቱ ክፍል ተመልሶ ይመጣል፤ የመታጠቢያ ቤት ጤና የሚለካው በሁለቱ አብሮ መኖር ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በፍጥነት ሊታለፍ ይችላል። በ1940 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ አንበሳ ግቢ ተቋቋመ፤ ለረጅም ዘመን የከተማው ልጅ በእሑድ የሚወሰድበት ቦታ እሱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠራ። ጎረቤቱ ግዮን ሰፊ የአትክልት ግቢና ትልቅ ገንዳ ይዞ ቆየ፤ ብዙ የከተማዋ ልጆች ዋና የተማሩት እዚያ ነው። በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ አካባቢው የአህጉር መናኸሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሒልተን ተከፈተ፤ ገንዳው በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ ተሠርቶ ከመሬት በሚወጣ ሙቅ ማዕድን ውሃ ይሞቃል። ለዚህ ጥናት ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመው ማስረጃ ይህ ገንዳ ነው። በብርዳማው የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ጭምር በከፍተኛ ቦታ ላይ ገላጣ ገንዳ ማስኬድ እንደሚቻል ያሳየ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ሸራተን ተጨመረ።

የቅርቡ ምዕራፍ የግቢዎቹ መከፈት ነው። አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 በታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተከፈተ። ከአምስት ቀን በፊት፣ መስከረም 24፣ የሆራ ፍንፍኔ ኢሬቻ በዚሁ በመሀል ከተማ ተከብሮ ነበር። በዓመቱ ማብቂያ ላይ ወዳጅነት ፓርክ ከነሰው ሠራሽ ሐይቁና ከነፏፏቴው ሥራ ጀመረ፤ ኋላም የልጆች መጫወቻ ያለው ሁለተኛ ምዕራፍ ተጨመረለት። እነዚህ ፓርኮች በውሃ የተሞሉ ናቸው፤ ነገር ግን ውሃው የሚታየው እንጂ የሚገባበት አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሚታይ ውሃ ሙቀት አይፈልግም፤ ንጽሕናውም በዓይን ይለካል። ሰው የሚገባበት ውሃ ግን ሙቀትም፣ በየቀኑ የሚለካ ኬሚካልም፣ ዓይኑን የማያነሳ ጠባቂም ይፈልጋል።

ሙቁ ውሃ ከየት ይመጣል

በፍል ውሃ ሥር የመሬት ስንጥቅ ያልፋል። በሰሜን በኩል ባሉት ከፍታዎች የሚዘንበው ዝናብ በዓለቱ ውስጥ ሰርጎ ወደ ጥልቀት ይወርዳል፤ እዚያ ይሞቅና በስንጥቁ በኩል ወደ ላይ ይገፋል። ውሃው የሶዲየም ባይካርቦኔት ዓይነት ነው። ካልሲየሙ አነስተኛ፣ ሶዳው ብዙ ነው፤ ለዚህም ነው በሰውነት ላይ ለስላሳ የሚመስለው፣ ሳሙናም ቶሎ አረፋ የሚሰጠው። ፍሎራይዱ ግን ለመጠጥ ከሚመከረው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ስለሆነ ለገላ እንጂ ለዘወትር መጠጥ አይሆንም። «ለሆድ ይበጃል» ብሎ በጀሪካን ወደ ቤት መውሰድ፣ በተለይ ጥርስ ለሚያበቅሉ ልጆች፣ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መታወቅ አለበት። ምንጩም ጥልቅ ጉድጓዶቹም የሚጠጡት ከአንድ ስንጥቅ ነው። ጉድጓድ በበዛ ቁጥር ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚደርቀው ማንም ሞተር ያልተከለበት የተፈጥሮ ምንጭ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ከላይ ያለው ቀዝቃዛ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ስንጥቁ ይገባና ሙቀቱን ያበርደዋል። ስለዚህ በዚህ ሠፈር አዲስ ጉድጓድ የሚቆፍር ሁሉ ለራሱ ብቻ ሊያስብ አይችልም። የየጉድጓዱ የውሃ ከፍታና ሙቀት በየወሩ ተለክቶ አንድ መዝገብ ላይ መግባት አለበት፤ ለውጡ የሚታየው በዓመታት ውስጥ ስለሆነ ያለ መዝገብ ማንም አይደርስበትም።

የመታጠቢያው ሒሳብ፦ የሚጎድለው ቀዝቃዛው ነው

የፍል ውሃ አገልግሎት አሠራር የከተማው ሰው ያውቀዋል። ቲኬት ተቆርጦ ወረፋ ይያዛል፣ እንደ ክፍሉ ደረጃ ገንዳ ወይም ሻወር ይሰጣል፣ ሰዓት ሲሞላ በር ይንኳኳል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሥራው ሁሉ ያለው ሁለቱ ቧንቧዎች ላይ ነው።

አንድ የገላ ገንዳ 150 ሊትር ይያዝ። ከጉድጓዱ የሚመጣው ውሃ ለስሌት 65 ዲግሪ፣ የከተማው ቧንቧ 18 ዲግሪ፣ ለገላ የሚፈለገው 40 ዲግሪ ይሁን። የሙቁ ድርሻ 40 ሲቀነስ 18፣ ለ65 ሲቀነስ 18 ይካፈላል፤ 22 ለ47። ይህ 70 ሊትር ሙቅ፣ 80 ሊትር ቀዝቃዛ ማለት ነው። ፍል ውሃ ላይ ለተቀመጠ መታጠቢያ ቤት ከግማሽ በላይ የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው! የከተማው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ሙቁ ሞልቶ እየፈሰሰ አገልግሎቱ ሊቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከሙቁ ውሃ ከፊሉን አብርዶ ለቀዝቃዛ ምትክ ማዋል ነው። ውሃው በጋን ውስጥ ቆይቶ 30 ዲግሪ ቢደርስ ስሌቱ ይለወጣል፦ 10 ለ35፣ ማለትም 43 ሊትር ሙቅና 107 ሊትር የበረደ። እንግዲህ ከከተማው ቧንቧ አንድ ሊትር ሳይወሰድ ገላ መታጠብ ተቻለ። ችግሩ ማብረዱ ላይ ነው። የተዘጋ የኮንክሪት ጋን 100 ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ይዞ ከ65 ወደ 35 ለመውረድ ብቻ እንኳ 3,500 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት መልቀቅ አለበት፤ ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም። ሙቀቱን የሚቀበል ሌላ ነገር ያስፈልጋል። እሱን ከታች እንመለስበታለን።

አደጋውም ያለው እዚሁ ድብልቅ ላይ ነው። ሰው ሻወር ሥር ቆሞ ሳለ ቀዝቃዛው ድንገት ቢቋረጥ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ 65 ዲግሪ ይወርድበታል። 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ያህል ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃንና የአረጋዊ ቆዳ ያን ያህልም አይታገሥም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል፣ ቢያንስ በእያንዳንዱ መስመር፣ ቀዝቃዛው ሲጠፋ ሙቁን በራሱ የሚዘጋ ቴርሞስታቲክ ቫልቭ መኖር አለበት። ቫልቩ መገጠሙ አይበቃም። በየሦስት ወሩ የቀዝቃዛው ቧንቧ ሆን ተብሎ ይዘጋና ሙቁ በሰከንዶች ውስጥ መቆሙ ይታያል፤ ካልቆመ ተፈትቶ የተጠራቀመበት ዝቃጭ ይጸዳል። ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ዕቃ መሆኑ የሚያስቆጭ ነው።

ሌላው የሚያሳስበው በጋኑ ውስጥ ለብ ብሎ የሚቆመው ውሃ ነው። ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ክልል ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የሚራባበት ነው፤ በሻወር ጠብታ ወደ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ሙቁ ጋን ከ60 በላይ ይጠበቃል፤ የበረደው ጋን ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ማንም የማይጠቀምበት የቧንቧ ጫፍ ይቆረጣል።

የገንዳው ሒሳብ፦ ሙቀት ማታ ማታ ያልቃል

አሁን 25 ሜትር ርዝመት፣ 12.5 ሜትር ስፋት፣ በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ገላጣ ገንዳ እንውሰድ። 469 ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል። ከ18 ዲግሪ ተነሥቶ 28 ለማድረስ 5,450 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ ግን አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የሚያደኸየው በየቀኑ የሚጠፋው ነው።

ገንዳ ሙቀቱን በዋናነት የሚያጣው በትነት ነው። የአዲስ አበባ የበጋ ሌሊት ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዚህ ገንዳ ላይ አንድ ሚሊሜትር ውሃ ሲተን 312 ሊትር ነው፤ ይዞት የሚሄደውም ሙቀት 211 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የገንዳው ሙቀት በ0.39 ዲግሪ ይወርዳል። በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተን ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል። ቀላል ቀመር አለው፦ 0.58 በሜትር ለተለካው ጥልቀት ይካፈላል፤ ውጤቱ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ትነት የሚወርደው ዲግሪ ነው። የልጆች ገንዳ ግማሽ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአንድ ሚሊሜትር 1.16 ዲግሪ ይወርዳል፤ በ5 ሚሊሜትር 6 ዲግሪ ገደማ። ማለዳ ላይ ልጆች ከንፈራቸው ጠቁሮ ከገንዳ የሚወጡት ለዚህ ነው። ሕፃናት የሚገቡበት ገንዳ መጀመሪያ ይበርዳል፤ ሙቀት ሲታቀድ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው መፍትሔ ሽፋን ነው። ማታ ገንዳው ላይ የሚዘረጋ አረፋ ያለው ፕላስቲክ የሌሊቱን ትነት አብዛኛውን ያስቀራል። የሚበላሸው ጥቅልሉ ተሰብሮ ሠራተኛው መዘርጋት ሲሰለቸው ነው፤ ስለዚህ ከሽፋኑ ይልቅ መጠቅለያው ጠንካራ ሆኖ መገዛት አለበት።

ከዚያ ፍል ውሃው ይገባል። ገንዳውን በቀን 2 ዲግሪ ለማንሣት 65 ዲግሪ የሆነ ውሃ በቀጥታ ቢጨመር 25 ኪዩቢክ ሜትር ይበቃል፤ በሰከንድ 0.3 ሊትር ማለት ነው። በሰከንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ አሥር እንዲህ ያሉ ገንዳዎችን ይይዛል። የሒልተን ገንዳ በዚህ ከፍታ ላይ ገላጣ ሆኖ መኖር የቻለበት ምሥጢር ይኸው ነው። ያለ ፍል ውሃ ይህንኑ ሙቀት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለማምጣት በየቀኑ ከ1,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠፋል።

የመታጠቢያውና የገንዳው ሒሳብ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። መታጠቢያው ውሃ የሚያበርድለት ይፈልጋል፤ ገንዳው የሚያሞቅለት ይፈልጋል። ገንዳው በትነትም በጨረርም በቀን 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ያጣል ብንል፣ ያን ለመተካት 43 ኪዩቢክ ሜትር ፍል ውሃ ከ65 ወደ 35 ማብረድ ይበቃል። 43 ኪዩቢክ ሜትር ደግሞ፣ በአንድ ሰው 107 ሊትር ሲታሰብ፣ የ400 ታጣቢዎች የበረደ ውሃ ነው (ከ35 ወደ 30 የሚቀረው በጋኑ ውስጥ በቀሪው ሰዓት ይበርዳል)። ሁለቱ ውሃዎች ሳይቀላቀሉ ሙቀቱን ብቻ በሚያሳልፍ የሙቀት መለዋወጫ ብረት በኩል አንዱ ለሌላው ቢያቀብል የከተማ ውሃ አይጠበቅም፣ ማሞቂያም አይከፈልም። በፍል ውሃ መስመር ላይ የሚታደስ ወይም አዲስ የሚሠራ ማንኛውም ተቋም መታጠቢያና ገንዳን በአንድ የሞተር ክፍል ማገናኘት አለበት እንላለን። ለየብቻ ከተሠሩ አንዱ ሙቀት ወደ ባንቲኬቱ ወንዝ ሲያፈስ ሌላው ሙቀት ይገዛል።

ለምን በመለዋወጫ? ለምን በቀጥታ አይጨመርም?

የሶዳው ውሃ ገንዳ ውስጥ ጠባየኛ ነው። ከመሬት ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል፤ አየር ሲያገኝ ጋዙ ይወጣና ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) ይጨምራል። ክሎሪን ደግሞ ጀርም የሚገድለው በፒኤች ላይ ተመሥርቶ ነው። 7.5 ላይ ከተጨመረው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ይሠራል፤ 8 ላይ ሩብ ያህሉ፤ 8.5 ላይ ከአሥር አንድ ገደማ። መለኪያው «ክሎሪን አለ» እያለ ውሃው ሰው የሚያሳምምበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመዝገቡ የመጀመሪያ ዓምድ ፒኤች፣ ሁለተኛው ክሎሪን መሆን አለበት።

ይህን ለማስተካከል አሲድ ይጨመራል፤ መጠኑም ቀላል አይደለም። በዚያ 469 ኪዩቢክ ሜትር ውስጥ የአልካላይን (የሶዳውን) መጠን በ100 ሚሊግራም በሊትር ለማውረድ 32 በመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 107 ኪሎ ይጠይቃል። በቀጥታ ፍል ውሃ እየተጨመረ ከሆነ ይህ ወጪ አያልቅም። በመለዋወጫ ሲሆን ግን ሙቀቱ ብቻ ያልፋል፤ ሶዳው በመታጠቢያው በኩል ይወጣል።

የተለመደው ስሕተት በክሎሪን ዱቄት ይታያል። ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነው የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት ሶዳ በበዛበት ገንዳ ላይ በባልዲ ሲደፋ ውሃው ወተት ይመስላል። ካልሲየሙ ከባይካርቦኔቱ ጋር ተዋሕዶ ኖራ ሆነ ማለት ነው። ሠራተኛው ውሃው የቆሸሸ መስሎት ዱቄት ይጨምራል፤ ወተቱ ይብሳል፤ ኖራው የፊልትሮውን አሸዋ ያጣብቃል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ አሲድ በውሃ ተበርዞ ፓምፑ እየሠራ ቀስ ብሎ መጨመር፣ ጥቂት ሰዓት ማዞር፣ ፒኤች ለክቶ 7.2 እና 7.6 መካከል መግባቱን ማየት፣ ከዚያ በባልዲ ውሃ የተሟሟ 0.7 ኪሎ ዱቄት ማስገባት ነው። ያ መጠን በዚህ ገንዳ ክሎሪኑን በ1 ሚሊግራም በሊትር ያሳድጋል። አሲድና ክሎሪን በአንድ መጋዘን አይቀመጡም፣ በአንድ ባልዲም አይነካኩም፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ጠንካራ ናት፤ ያልተጠበቀ ክሎሪን በጠራራ ፀሐይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ግማሹን ታጠፋዋለች። ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም በሊትር ሲያኑሪክ አሲድ ቢኖር ክሎሪኑ ይቆያል። ጠዋት ተለክቶ «ጥሩ ነው» የተባለ ገንዳ፣ በተለይ በፋሲካ ወይም በእንቁጣጣሽ ሰው በሞላበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ባዶ ሊሆን ስለሚችል በየሁለት ሰዓቱ ይለካል።

ቧንቧና ፓምፕ

በዚህ ሠፈር የቧንቧ ዕድሜ የሚወሰነው በዕቃው ምርጫ ነው። ተራው ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳል፤ በመደገፊያዎቹ መካከል ይጎብጥና መገጣጠሚያው ያፈሳል። ዚንክ የተቀባው ብረት ደግሞ የባሰ ነው። በተለመደው ሁኔታ ዚንኩ ራሱን እየሰጠ ብረቱን ያድናል፤ ባይካርቦኔት በበዛበትና ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ግን ነገሩ ይገለበጥና ብረቱ ዚንኩን ሊያድን ይበሳሳል። ከውጭ አዲስ የሚመስል ቧንቧ በመርፌ ቀዳዳ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። ለሙቁ መስመር ለሙቅ ውሃ የተሠራ ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም የማይዝግ ብረት ይሻላል፤ ለመለዋወጫው ሳህኖችም እንዲሁ የማይዝግ ብረት፣ ክሎሪን በሚያልፍበት በኩል ደግሞ አቅም ካለ ቲታኒየም።

ፓምፕ ሲታዘዝ ከፍታው ይረሳል። በባሕር ጠረፍ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር ወደ ላይ ይስባል። በ2,350 ሜትር የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ ይህ 7.8 ይሆናል፤ ውሃው 65 ዲግሪ ከሆነ የእንፋሎቱ ግፊት ሌላ 2.5 ሜትር ይቀንስበታል። የቧንቧው መጋጨት ሲታሰብ የሚቀረው ሦስት ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ሲሳብ ውሃው ፓምፑ ውስጥ ይፈላል፤ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይንኳኳል፤ ውሃውን የሚገፋው የፓምፑ ምላስ በወራት ይበላል። ስለዚህ ፓምፑ ከውሃው በታች ይቀመጣል። ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ጠላቂ ፓምፕም ተራው ሞተር አይደለም፤ ብዙዎቹ ለ30 ዲግሪ ውሃ የተሠሩ ናቸውና ለሙቅ ውሃ የተዘጋጀው በግልጽ ተጽፎ መታዘዝ አለበት። ጄኔሬተሩም በዚህ ከፍታ ከሳህኑ ላይ ከተጻፈው ኃይል ሩብ ያህል ሊያጣ ስለሚችል አንድ መጠን ከፍ ተደርጎ ይገዛል።

ሸርተቴ ለምን ወደ ቢሾፍቱ ወረደ

ከመሀል ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ ከነሸርተቴዎቹ ይሠራል። የ400 ሜትር ከፍታ ልዩነት በቀኑም በሌሊቱም ሙቀት ላይ ይታያል። ሸርተቴ ሙቀት በማባከን ከገንዳ ሁሉ የከፋ ነው። አንድ የሰውነት ሸርተቴ በሰዓት ከ60 እስከ 100 ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ወደ ላይ ይስባል፤ ውሃው ስስ ሆኖ በነፋስ ውስጥ ይወርዳል፤ በየዙሩም ይበርዳል። የፓምፑ ኃይል ራሱ ብዙ አይደለም፦ 80 ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት፣ 8 ሜትር ከፍታ፣ 3 ኪሎዋት አካባቢ። ውዱ ሙቀቱ ነው። መብራት ሲጠፋም ሸርተቴው ወዲያው ይደርቃል፤ መሀል ላይ ያለው ልጅ ቆዳው ተልጦ ይቆማል። ስለዚህ ከላይ ያለው ጠባቂ የውሃውን ድምፅ እየሰማ፣ ቀዳሚው ልጅ ከታች ሳይወጣ ተከታዩን አይለቅም፤ መብራት ሲመለስም ሸርተቴው ሙሉ እስኪረጥብ ይጠበቃል።

ከሙቀቱ ሌላ የቀን መቁጠሪያው አለ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያ ደግሞ ክረምት ነው። በዓመት ወደ 1,200 ሚሊሜትር ከሚሆነው የከተማዋ ዝናብ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በእነዚያ ወራት ነው። ልጆች ሁሉ ቤት በሚውሉበት ጊዜ ገላጣ መዝናኛ አይሠራም። የልጆች ጨዋታ እንደ ኤድና ሞል ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ጣራ ሥር የገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በመሀል ከተማ የውሃ መዝናኛ የሚያስብ ባለሀብት ገቢውን በቅዳሜና እሑድ፣ በገና፣ በጥምቀት፣ በፋሲካና በመስቀል ሰሞን ላይ መሥራት አለበት፤ አለዚያ ጣራ መሥራት አለበት።

በፓርኮቹ ፏፏቴዎችና ሰው ሠራሽ ሐይቆች ልጆችን ማስገባት ለሚያስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የከተማዋ ወንዞች የመጸዳጃ ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል፤ የወንዝ ውሃ የገባበት ሐይቅ ክሎሪን ቢረጭበትም መዋኛ አይሆንም። ልጆች የሚረጩበት ፏፏቴ ከተፈለገ ለብቻው ተዘግቶ የሚዞር፣ ሙሉ ውሃው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ በፊልትሮ የሚያልፍ መሆን አለበት። ለትልቁ ገንዳ 6 ሰዓት ይበቃል፤ 469 ኪዩቢክ ሜትሩ በሰዓት 78 ይሆናል፣ 1.4 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የአሸዋ ፊልትሮዎች ይይዙታል።

የክረምት ጥገና

ክረምቱ ገቢ የማይገኝበት ከሆነ የጥገና ወቅት ይሁን። ሰኔ መጨረሻ ላይ መለዋወጫው ተፈትቶ ሳህኖቹ በደካማ ሲትሪክ አሲድ ይታጠባሉ። የፊልትሮው አሸዋ ይከፈታል፤ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ድንጋይ ከተጣበቀ ይቀየራል። ገንዳው ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደረግም፤ መሬቱ በዝናብ ሲጠግብ ባዶ ገንዳን ከሥር የሚገፋው የከርሰ ምድር ውሃ ወለሉን ይሰነጥቃል። ወለሉን ማደስ የግድ ከሆነ ሥራው ለመጋቢት ይተዋል፤ ከዚያ በፊት በገንዳው ጎን ባለው መመልከቻ ቱቦ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከወለሉ በታች መውረዱ ይለካል። ነሐሴ ላይ ቴርሞስታቲክ ቫልቮቹ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፣ የጉድጓዱ ከፍታና ሙቀት ተለክቶ ከአምናው ጋር ይነጻጸራል፣ የሸርተቴው መገጣጠሚያ በእጅ ተዳብሶ የተላጠው ይለሰናል። በጳጉሜን ገንዳው መሞቅ ይጀምራል፤ በሰከንድ አንድ ሊትር ፍል ውሃ በመለዋወጫ እያለፈ ወደ 35 ቢወርድ ከ18 እስከ 28 ለመድረስ ሽፋን እያለ ሁለት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ እንቁጣጣሽን ለመድረስ ከጳጉሜን 2 ማለፍ የለበትም።